በጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤትን ስለ መለወጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። በኮንዶሚኒየም ወይም በቤት ሠሪ ማኅበር በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው ቤቱን እንደ ፍላጎቱ የመለወጥ መብቱ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል፤ የጠያቂዎቹን ስምም ትተናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰቤ ስለ በዛ በሳሎኑና በማዕድ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሼ፣ በረንዳውን ደግሞ በአሉሚኒየምና በመስታወት ዘግቼ ለልጆቹ መኝታ ላደርገው አስቤያለሁ። የማኅበራችን ኮሚቴ በረንዳውን እንዳልነካ ከለከለኝ፤ ስለ ግድግዳው ስጠይቅ ግን «እሱ የራስህ ጉዳይ ነው» አለኝ። ቤቱ በስሜ ካርታ የወጣለት ነው። ኮሚቴው በገዛ ቤቴ ላይ የማዘዝ ሥልጣን ከየት አገኘ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚደነግገው በኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት ያለው ሰው ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። አንደኛው ለብቻው የሚያዝበት ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሌሎቹ ባለቤቶች ጋር ሳይከፋፈል የሚይዘው የጋራ መጠቀሚያ ድርሻ ነው። ሁለቱ ስለማይነጣጠሉ ቤቱን ሽጦ ድርሻውን ማስቀረት አይቻልም። የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው ደግሞ እርስዎም አባል የሆኑበት የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ስለዚህ ኮሚቴው በቤትዎ ውስጣዊ አያያዝ ላይ ሥልጣን ባይኖረውም፣ እርስዎ የሚነኩት ነገር የጋራ ከሆነ የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት። ይህ አስተሳሰብ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረም አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፎቆቹና ክፍሎቹ የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑበት ቤት ከቁጥር 1281 ጀምሮ በሚደነግግበት ክፍል፣ ዋና ዋናዎቹን ግድግዳዎች፣ ጣሪያውንና ደረጃውን የመሳሰሉትን የጋራ ሀብት አድርጎ ይመለከታቸው ነበር።

ካርታዎ የቤቱ ባለቤት መሆንዎን ያረጋግጣል። የቤቱ ወሰን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በዝርዝር የሚያሳዩት ግን ማኅበሩ ሲቋቋም የተመዘገቡት ሰነዶች፣ ማለትም የሕንፃው መግለጫና መተዳደሪያ ደንቡ ናቸው። ብዙ ነዋሪ እነዚህን ሰነዶች ሳያይ ዓመታት ይኖራል፤ አንዳንድ ኮሚቴም እንዲሁ ሳያያቸው ይፈቅዳል፣ ይከለክላል። ቅጂያቸውን ጠይቀው ሊያነቧቸው ይገባል።

ወደ በረንዳው ስንመጣ፣ የበረንዳው ወለል ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ መጠቀሚያ ቢሆን እንኳ ከውጭ የሚታየው ገጽታ፣ መከለያውና ከበላዩ ያለው የጎረቤትዎ በረንዳ ሥር የሕንፃው አካል ናቸው። አሉሚኒየሙ የሚታሰረውም በእነዚህ ላይ ነው። በረንዳው ሲዘጋ ከኋላው ያለው ክፍል ብርሃንና አየር የሚያገኝበት መስኮት ወደ ውጭ መከፈቱ ይቀርና ወደ ሌላ ክፍል የሚከፈት ይሆናል፤ በከሰል ወይም በጋዝ በሚበሰልበት ቤት ይህ ለሕይወት አደገኛ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከበረንዳው ውኃ የሚያስወጣው ቀዳዳም ብዙ ጊዜ በሴራሚክ ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው መውጫ የሚፈልገው በታችኛው ቤት ኮርኒስ በኩል ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ጥያቄ ማንሣቱ ትክክል ነው። ሆኖም በቃል «አይቻልም» ብሎ መሸኘት በቂ አይደለም። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ኮሚቴውም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ። ከሁሉ የሚሻለው ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባኤ ለሁሉም ብሎኮች አንድ ዓይነት የበረንዳ አዘጋግ ወስኖ፣ ቀለሙንና አሠራሩን በባለሙያ አስነድፎ፣ የሚፈለገውን ፈቃድ በአንድነት መጠየቁ ነው። አንዱ በሰማያዊ መስታወት፣ ሌላው በቆርቆሮ፣ ሦስተኛው በሸራ የዘጋበትን ሕንፃ የምናየው ይህ ውሳኔ በጊዜው ሳይሰጥ ስለሚቀር ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ኮሚቴው «የራስህ ጉዳይ ነው» ያለው ግድግዳ ነው። በአብዛኛው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ክብደቱን የሚሸከሙት ኮለኖቹና ቢሞቹ (ቋሚና አግድም የኮንክሪት ተሸካሚዎቹ) ሲሆኑ፣ የክፍል ማካፈያዎቹ ብሎኬት ብቻ ናቸው፤ ይህ ሲነገር ብሎኬቱን ማፍረስ ምንም ጉዳት የሌለው ይመስላል። በአንዳንድ ሕንፃዎች ግን ፌሮውና ኮንክሪቱ በብሎኬቱ ባዶ ክፍተት ውስጥ ስለ ተሞላ፣ ከልስኑ ውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ኮለኑና ማካፈያው አይለዩም። ሶሌታውም (በፎቆቹ መካከል ያለው የኮንክሪት ወለል) በብዙዎቹ ሕንፃዎች በፋብሪካ በተዘጋጁ ቀጫጭን ቢሞችና በመካከላቸው በተደረደሩ ባዶ ብሎኬቶች ላይ ስስ ኮንክሪት በማፍሰስ የተሠራ ነው፤ በመዶሻ ድብደባ በቀላሉ ይጎዳል። ከዚህም በላይ ሸክም የለውም የሚባለው ማካፈያ እንኳ ሕንፃው ወደ ጎን በሚገፋበት ጊዜ ያግዘዋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ርእደ መሬት አዲስ አበባ ውስጥ በፎቆች ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ከእንቅልፋቸው ሲቀሰቅስ፣ በየፎቁ ማካፈያ የፈረሰበት ሕንፃ ምን ያህል እንደ ተዳከመ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ስንት ነው?

ግድግዳ ማፍረስ ደግሞ ከማኅበሩ ፈቃድ ሌላ የሕግ ግዴታም አለው። ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ አዲስ መገንባት ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን መለወጥና ማፍረስም የሕንፃ ሹም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ሆኗል። አዋጁ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲመድብ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን በመጨረሻውና በጥብቁ ምድብ ያስቀምጠዋል፤ የእርስዎን የመሰለ ባለ አምስት ወለል ሕንፃ እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ ቤቱን አይቶ በጽሑፍ አስተያየት ይስጥ፤ ያንን ይዘው ማኅበሩን ያስፈቅዱ፤ ከዚያ ለግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ያመልክቱ። ቅደም ተከተሉ አድካሚ ቢሆንም፣ ሠራተኛው መዶሻውን ካነሣ በኋላ የሚመጣው እግድ የበለጠ ያደክማል፤ ግድግዳውንም በራስዎ ወጪ መልሰው እንዲሠሩ ሊያስገድድዎት ይችላል።

ያለ ማንም ፈቃድ ሊሠሩት የሚችሉትም ብዙ ነው። ቀለም መቀባት፣ የውስጥ በር መለወጥ፣ ቁም ሣጥን መሥራት፣ የማዕድ ቤት ካቢኔት መግጠም፣ በቺፕውድ ቀላል መከለያ ማቆም የቤቱ ባለቤት ነፃ መብት ነው። ሴራሚክ ማንጠፍም እንዲሁ፤ ነገር ግን በነባሩ ወለል ላይ ደርበው ወፍራም የሲሚንቶ ንጣፍ እንዲያፈሱ አልመክርም። የ5 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ብቻውን በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የመኖሪያ ቤት ወለል ደግሞ ለሰውና ለዕቃ ተብሎ የሚሰላለት ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው።

ጥያቄ፦ ከበላዬ ያሉት ጎረቤት ሻወራቸውን ወደ ማዕድ ቤታቸው በኩል ካዛወሩ ወዲህ የመኝታ ቤቴ ኮርኒስ ይንጠባጠባል። ስነግራቸው «ውኃው ከእኔ አይደለም» ይላሉ፤ ኮሚቴው ደግሞ ሁለታችሁ ተስማሙ ይላል። ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልከሳቸው አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይረጋገጥ፤ ጠቡ ብዙውን ጊዜ የሚበርደው በዚህ ነው። ጎረቤትዎ ቤት ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የውኃ ቆጣሪው ከዞረ፣ የሚያፈስሰው ንጹሕ ውኃ የሚያስገባው መስመር ነው። ቆጣሪው ቆሞ ኮርኒስዎ ሻወር በተወሰደ ቁጥር የሚርስ ከሆነ ደግሞ ችግሩ በፍሳሽ መስመሩ ወይም ውኃ እንዲከለክል ባልተሠራው ወለል ላይ ነው። ሁለታችሁም የምታምኑት የቧንቧ ባለሙያ የብሎኩ ተጠሪ ባሉበት ቢፈትሸውና ውጤቱን ቢጽፈው መልካም ነው።

ሻወርና መጸዳጃ በየፎቁ አንዱ ከአንዱ በላይ የሚቀመጡት ቧንቧቸው በአንድ መስመር እንዲወርድና እርጥቡ ቦታ ከእርጥብ ቦታ በላይ እንዲሆን ታስቦ ነው። ያንን ማዛወር በሌላው ሰው መኝታ ላይ ፍሳሽ እንደ መዘርጋት ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ማንኛውም ማኅበር ሊፈቅደው አይገባም። ኮሚቴውም «ተስማሙ» ብሎ መራቁ ስሕተት ነው፤ የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ከሆነ እሱ ራሱ ባለጉዳይ ነው።

ስለ ካሣው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግልጽ ነው። ቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን የሚጎዳ ወይም የሚያውክ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ያልታሰበ እንኳ ቢሆን ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ጎረቤትዎ ጥፋተኛ ናቸው ብለው መሟገት ሳያስፈልግዎ የኮርኒሱንና የቀለሙን ወጪ መጠየቅ ይችላሉ። ሽምግልናውን ይሞክሩት፤ በዕድሜ የገፉና ሁለታችሁም የምታከብሯቸው ሰዎች ቢገቡበት ይበልጣል፤ ስምምነቱ ግን ተጽፎ ይፈረም። ከውል ውጭ የሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ በቁጥር 2143 መሠረት ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን አይርሱ፤ የሽምግልና ቀጠሮ እየተላለፈ ያ ጊዜ ያለፈበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ጥያቄ፦ እኛ ኮንዶሚኒየም አይደለንም፤ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን ሕንፃችንን በመሥራት ላይ ነን። ሥራው ገና ሳያልቅ አንዳንድ አባላት በዕጣ የደረሳቸውን ቤት ክፍሎች እያስለወጡ ነው። አንደኛው አባል «ከሁላችሁ የበለጠ ገንዘብ አስገብቻለሁ» በማለት የሁለት ቤት ግድግዳ አስፈርሶ አንድ አድርጓል። ይህ ይፈቀዳል?

መልስ፦ የእናንተ ሁኔታ ከላይኛዎቹ የሚለየው፣ ቤቶቹ በየአባሉ ስም ተላልፈው እስኪያበቁ ድረስ ግንባታው የማኅበሩ መሆኑ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ማኅበሩ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ሲሆን የበላይ ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ በጉባኤውም አባል ያስገባው ገንዘብ ምንም ያህል ቢሆን ድምፁ አንድ ብቻ ነው። ብዙ የከፈለ ሰው ብዙ እንደሚያዝ ማሰብ የአክሲዮን ኩባንያ አሠራር እንጂ የኅብረት ሥራ ማኅበር አይደለም።

የግንባታ ፈቃዱ የተሰጠው ለጸደቀው ፕላን ነው። ከፕላኑ የሚወጣ ለውጥ ሁሉ መጀመሪያ በጉባኤው፣ ወይም ጉባኤው ሥልጣን በሰጠው አካል፣ ከዚያ በአማካሪ መሐንዲሱ፣ በመጨረሻም በፕላን ማሻሻያ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መጽደቅ አለበት። ይህ ካልሆነ የሚጎዳው ግድግዳውን ያፈረሰው አባል ብቻ አይደለም። በምድብ «ሐ» የሚገኝ ሕንፃ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ አገልግሎት ላይ ሊውል አይችልም፤ ፈቃዱ ሲጠየቅ ተቆጣጣሪው ሕንፃውን ከጸደቀው ፕላን ጋር ያስተያየዋል። በአንድ ቤት ውስጥ የተገኘ ልዩነት የሁሉንም አባላት ፈቃድ፣ ከዚያም የየግል ካርታቸውን ሊያዘገይ ይችላል። ዓመታት ቆጥቦ፣ ከኪራይ ቤት ለመውጣት ቀን የሚቆጥር ቤተሰብ በሌላ ሰው ሰፊ ሳሎን ምክንያት እንዲጠብቅ መደረግ የለበትም። አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራ፤ ሥራው እንዲቆም በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ለአማካሪው በደብዳቤ ይድረሰው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ያለኝን የግራውንድ ኮንዶሚኒየም ያከራየሁት በወኪል ነው። ተከራዩ የመኝታ ቤቱን መስኮት ወደ በር ለውጦ ሱቅ ከፍቶበታል፤ ማኅበሩ እኔን በደብዳቤ እያስጠነቀቀኝ ነው። ያላደረግሁትን ነገር ለምን እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ማኅበሩ የሚያውቀው አባሉን ስለሆነ ነው። ተከራይም በሕንፃው ደንብ የሚገዛ ቢሆንም የውጭውን ግድግዳ ወደ ነበረበት የመመለሱ ኃላፊነት በመጀመሪያ የእርስዎ ነው፤ ወጪውን በኋላ ከተከራዩ መጠየቅ ይችላሉ። እዚህ ሁለት ጥፋት ተደርቧል፤ የጋራ የሆነው ግድግዳ ተቀድዷል፣ ለመኖሪያ የተሰጠው ቤትም ወደ ንግድ ተለውጧል። ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ለንግድ የተሠሩ ቤቶች ለብቻ በጨረታ የተሸጡ ስለሆኑ በመኖሪያው ክፍል ሱቅ መክፈት የእነዚያን ገዢዎችም መብት ይነካል።

ለወኪልዎ የሰጡትን የውክልና ሥልጣን ይመልከቱ፤ ማከራየትን ብቻ የሚል ከሆነ በማኅበሩ ጉባኤ ስለ እርስዎ ድምፅ መስጠትም ሆነ ክስ መመሥረት ላይችል ስለሚችል በዝርዝር ያስፋፉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና ይጠይቃል፤ ስለዚህ «ያለ ባለቤቱና ያለ ማኅበሩ የጽሑፍ ፈቃድ ምንም ለውጥ አይደረግም፤ ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ያገለግላል» የሚለው አንቀጽ በሚመዘገበው ውል ውስጥ መግባት አለበት። በቃል የተነገረው ማስጠንቀቂያ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በረንዳዬ ላይ የ1000 ሊትር ሮቶ ላስቀምጥ ነው። ፈቃድ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አያስቀምጡት። የ1000 ሊትር ውኃ ክብደት 1000 ኪሎ ግራም ሲሆን የሚያርፈውም በአንድ ካሬ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህም ወለሉ ከተሰላለት ጭነት በጣም ይበልጣል። ቀንና ሌሊት ሳይነሣ የሚጫን መሆኑም ያከፋዋል። ትናንሽ ጀሪካኖችን በተለያየ ቦታ አራርቀው ያስቀምጡ፤ ማኅበሩ ደግሞ በግቢው መሬት ላይ የጋራ ማጠራቀሚያ ከነ ፓምፑ እንዲያስተክል ጥያቄዎን ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ያቅርቡ። ጣሪያ ላይ ማውጣትም መሐንዲስ ሳያየው አይሞከርም።

ጥያቄ፦ እናቴ በተሽከርካሪ ወንበር መጠቀም ከጀመሩ ወዲህ ከቤት አልወጡም። የምንኖረው ምድር ቤት ነው፤ በመግቢያው ሦስት ደረጃ አለ። በራሴ ወጪ መወጣጫ ላሠራ ብጠይቅ ኮሚቴው «የጋራ ቦታ ነው፤ ለአንድ ሰው ከፈቀድን ሁሉም ይጠይቃል» አለኝ።

መልስ፦ እስካሁን ኮሚቴዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ስናሳስብ ቆይተናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ኮሚቴው ተሳስቷል። ቦታው የጋራ ነው ማለት እናትዎም ድርሻ ያላቸው ነው ማለት ነው፤ ድርሻቸውን ሊጠቀሙበት አለመቻላቸው ደግሞ በራሱ ጉድለት ነው። በረንዳ ለማስፋት የሚቀርብ ጥያቄና ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ እኩል አይታዩም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃ የሀገሪቱ ሕግ አካል አድርጋዋለች፤ ስምምነቱ መኖሪያ ቤትንም ጨምሮ በሕንፃዎች ያሉ መሰናክሎች እንዲወገዱ ይጠይቃል። «ሁሉም ይጠይቃል» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፤ መወጣጫው አንድ ጊዜ ከተሠራ ሌላው ሰው በዚያው ይጠቀማል፤ የታመመ የሚያወጣ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ፣ አስከሬን የሚሸኝ ሁሉ።

ማመልከቻዎ ግን ዝርዝር ይኑረው። ለወንበር ተስማሚ የሚባለው ተዳፋት ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሦስቱ ከፍታ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ መወጣጫው ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ግቢው ጠባብ ከሆነ መካከል ላይ ማረፊያ ኖሮት ሊታጠፍ ይችላል። በግራና በቀኝ የእጅ መደገፊያ፣ ከበሩ ፊት ወንበሩ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ቦታ ይኑር፤ የዝናብ ውኃ መውረጃውን እንዳይዘጋ፣ ነባሩን ደረጃም ሙሉ በሙሉ እንዳይሸፍን ተደርጎ ይነደፍ። ንድፉን፣ የወጪውን ግምትና የሐኪም ማስረጃውን አያይዘው ለኮሚቴው በፊርማ ያስረክቡ፤ ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ እንዲያዝም በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ። ጉባኤው እስኪደርስ ድረስ ተነቃይ የብረት ወይም የእንጨት መወጣጫ ማስቀመጥ የሕንፃውን አካል ስለማይነካ፣ ለጊዜው እንዲፈቀድልዎ በዚሁ ማመልከቻ ለብቻው ያንሡት።

የደረጃውን ትክክለኛ ልክና የመግቢያውን ፎቶግራፍ ከላኩልን የዝግጅት ክፍላችን ንድፉን አይቶ አስተያየት ሊሰጥ የሚችል መሐንዲስ ያገናኝዎታል።